«አይዞዎት» ከማለት በፊት

ከባዱ ጥያቄ በሐኪሞች ጉብኝት ሰዓት አይመጣም። የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ነርሷ ግሉኮስ ልትቀይር ጎንበስ ስትል ወይም አንሶላ ለማስተካከል ጀርባዋን ስትሰጥ ነው። «ሲስተር፣ እኔ ግን አልድንም አይደል?»

ለምን በዚያ ሰዓት? ለምንስ ለእሷ? ሐኪሙ የሚመጣው አምስት ስድስት ሰው አስከትሎ ነው፤ ቆሞ፣ ቻርት እያገላበጠ ያናግራል። ነርሷ ግን ብቻዋን ናት። ገላ ታጥባለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ ፊቷ ከታማሚው ጆሮ ከአንድ ክንድ አይርቅም። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ አስታማሚውም ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ካንሰሩ ተሰራጭቶ ኬሞው (የካንሰሩ መድኃኒት) የቆመበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያብላላው የዋለውን ነገር የሚያወጣው ያኔ ነው።

እንዲህ ፊት ለፊት ከመጣ እንኳ ጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ተሸፋፍኖ ይመጣል። «መርፌው ምነው ተቀነሰ?» «ልጄ የምትመረቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው።» «ዛሬ ሐኪሙ እኔ ጋ ብዙም አልቆየም።» «ወደ ቤቴ ብሄድ ይሻለኛል መሰለኝ።» እነዚህን እንደ ተራ ወሬ የሰማ ሰው ተራ መልስ ይሰጣል፤ ታማሚውም ሁለተኛ አይሞክርም። ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱ «ተረጋግቷል» ተብሎ ይጻፍለታል።

በየክፍሉ በብዛት የሚሰማው ምልልስ ይህን ይመስላል።

«ሲስተር፣ እኔ ግን አልድንም አይደል?»

«ኧረ አይዞዎት! እንዲህማ አይባልም። ይልቅ ትንሽ ይተኙ። ሕመም አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ጎሽ።»

ከክፋት የመጣ አንድም ቃል የለበትም። ግን ምን እንደተሠራ እንይ። «አይዞዎት» የተባለው ሰውየው የፈራው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ነው። «እንዲህማ አይባልም» ጥያቄውን ጥፋት አደረገው። «ይተኙ» ጨዋታውን ዘጋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወሬው ከሞት ወደ ሰውነት ዞረ፤ ስለ ሰውነት መጠየቅ ለነርሷ ይቀላታላ። «የለም» የሚለው መልስም እውነት ላይሆን ይችላል። የተዘጋበት ሰው ሕመሙንም ይደብቃል።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፒተር ማጓየር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ሐኪሞችና ነርሶች ከሚሞት ሰው ስሜት ራሳቸውን የሚያርቁባቸውን መንገዶች። ሳይጠይቁ ማጽናናት፣ አካላዊውን ብቻ እየመረጡ መመለስ፣ «ሐኪሙን ይጠይቁት» ብሎ ማሳለፍ፣ ቀልድ መጣል። ይህን ስናደርግ የምናሳርፈው ራሳችንን ነው። ነርሷ ታስለቅሰው ይሆናል ብላ ትፈራለች፣ የማትመልሰው ጥያቄ ይከተል ይሆናል ብላ ትፈራለች፣ ሌሎች ታማሚዎች እየጠበቋት ነው፣ ሐኪሙ ለታማሚው ምን እንደነገረው በትክክል አታውቅም። የመጨረሻው በተለይ እውነተኛ ችግር ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«አይዞዎት» ራሱ መጥፎ ቃል አይደለም። ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰውየው የፈራውን ከተናገረና ከተሰማ በኋላ።

ታዲያ ጥያቄው ሲመጣ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ እጅ ይቆማል። ግሉኮሱ ሊያልቅ ከሆነ «ይቺን ልጨርስና እቀመጣለሁ፤ የጠየቁኝን ሰምቻለሁ» ይባላል፤ የተባለው ደግሞ ይፈጸማል። ጓንት ይወልቃል። ወንበር ይሳባል፤ ከሌለ ዓይንና ዓይን እኩል እስኪሆኑ ዝቅ ይባላል። ቆሞ አሥር ደቂቃ ከማውራት ተቀምጦ ሦስት ደቂቃ መስማት ይሻላል፤ በር በሩን እያየ የቆመ ሰው ፊት ማንም ልቡን አይከፍትም። ጊዜው በእርግጥ ከሌለ እሱም ይነገራል፦ «አሁን አምስት ደቂቃ አለኝ፤ ካልበቃን 10 ሰዓት ላይ ተመልሼ እመጣለሁ።» 10 ሰዓት ላይ ካልተመለሰች ግን ባትናገረው ይሻላት ነበር።

ቀጥሎ ጥያቄው በጥያቄ ይመለሳል። እዚህ ላይ ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። «ለምን ጠየቁኝ?» ካሉት ክስ ይመስላል፤ ሰውየው «አይ፣ እንዲያው ነው» ብሎ ይሸሻል። «ምን አስበው ነው?» ወይም «ዛሬ ምን ታየዎት?» ይሻላል። ከዚያ ዝም ማለት ነው። በልብ እስከ አሥር መቁጠር ነው፣ ቀስ ብሎ። አምስት ላይ ሲደረስ አፍ ይበላል፤ አንድ ነገር ጣል ለማድረግ ያምራል። የሚበዛው መልስ የሚመጣው ግን ከአምስት በኋላ ነው። ሰውየው ካለቀሰ ወዲያው ሶፍት ማቀበል «በቃ ጥረጉት» የሚል ሊመስል ስለሚችል፣ ሶፍቱ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥና ይተዋል።

ከመናገር በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ እስካሁን ምን ያውቃል? («ሐኪሙ ምን ብሎ አስረዳዎት? በራስዎ ቃል ይንገሩኝ።») ሁለተኛ፣ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋል? («አንዳንድ ሰው ሁሉንም መስማት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ለቤተሰብ ይነገርልኝ ይላል። እርስዎ እንዴት ይሻልዎታል?») ዋልተር ቤይልና ሮበርት በክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት መጥፎ ዜና የመንገሪያ ባለ ስድስት እርከን ዘዴም ከመንገር በፊት እነዚህን ሁለቱን ያስቀድማል። ያ ዘዴ የተሠራው ቀጠሮ ተይዞ፣ በር ተዘግቶ ለሚደረግ ንግግር ነው፤ የነርሷ ንግግር ቀጠሮ የለውም። ስለዚህ በእጅ መያዝ ያለበት አጭሩ ነው፦ ጠይቅ፣ ጥቂት ንገር፣ መልሰህ ጠይቅ። ጥቂት ማለት አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው።

መልሱስ? አዲስ የምርመራ ውጤት መንገር የነርሷ ድርሻ አይደለም። የምታየውን መናገር ግን ትችላለች። «ካለፈው ሳምንት ይልቅ ሰውነትዎ ደክሟል፤ እኔም አይቻለሁ። መድኃኒቱ በሽታውን እንደተመኘነው አልያዘውም።» ይህ ውሸት የለበትም፣ ጭካኔም የለበትም። «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ከተባለ ቁጥር አይሰጥም። «ሦስት ወር» የተባለ ሰው ቀን ይቆጥራል፤ ሲያልፈው ይደናገራል፣ ካልደረሰበት ቤተሰቡ ተታለልን ይላል። በማስታገሻ ሕክምና (በሽታውን ማዳን ሳይሆን ሥቃይን ማቅለል በሚይዘው ሕክምና) ውስጥ የሚሠራበት አካሄድ የለውጡን ፍጥነት ማየት ነው። ድካሙ በየወሩ የሚታይ ከሆነ የቀረው ምናልባት በወራት ይታሰባል፣ በየሳምንቱ ከሆነ በሳምንታት፣ በየቀኑ ከሆነ በቀናት። ይህን ለታማሚው ዘርዝሮ መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው። ነርሷ ግን «ጊዜውን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ነገ ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብለን እንድንነጋገር ላድርግ?» ስትል ጥያቄውን አልገፋችውም፤ መንገድ ነው ያበጀችለት።

ብዙዎች ደግሞ የሚፈሩት ሞቱን ሳይሆን አሟሟቱን ነው። «ታፍኜ ነው የምሞተው?» የሚል ፍርሃት ከተሰማ ተጨባጭ መልስ አለው፦ ለትንፋሽ ማጠር በትንሽ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን (ጠንካራ የሥቃይ ማስታገሻ) አለ፣ ፊት ላይ የሚነፍስ ማራገቢያ ይረዳል፣ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። ፍርሃቱን ሳይጠይቁ ግን መልሱን ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ ቻርቱ። በሌሊት የተነገረው ነገር በጠዋት ርክክብ ካልተላለፈ፣ ቀን የሚገባው ተረኛ ሳያውቅ ያፈርሰዋል። «ታካሚው ተጨንቋል» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦

«ከሌሊቱ 8፡20። ‹አልድንም አይደል?› ብለው ጠየቁ። ምን እንደተነገራቸው ስጠይቅ ‹ኬሞው አልሠራም ብለውኛል› አሉ። ስለ ጊዜ አልተነገረም። ዋና ፍርሃታቸው መታፈን። ሐኪም እንዲያነጋግራቸው ይፈልጋሉ፤ ባለቤታቸው እንዲገኙ ይሻሉ።»

የታማሚው ቃል በጥቅስ፣ የተባለው፣ ያልተባለው፣ የተጠየቀው። ለሐኪሙ በስልክም ሲነገር ያው ነው፦ ሁኔታው፣ ዳራው፣ የነርሷ ግምገማ፣ የምትጠይቀው ነገር። አራተኛው ነው ሁልጊዜ የሚረሳው። «ታማሚው ከፍቶታል» ተብሎ ስልኩ ይዘጋና ሐኪሙ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ ሳያውቅ ይቀራል። በተቃራኒው ሐኪሙም ለታማሚው ምን እንደነገረ ካልጻፈ ነርሷ ጨለማ ውስጥ ናት። ከሁሉ የሚሻለው ከባዱ ዜና ሲነገር ነርሷ ክፍሉ ውስጥ መቀመጧ ነው፤ ሐኪሙ ከወጣ በኋላ «አሁን ምን አለ?» ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናትና።

ትናንት «አይዞዎት» ብላ ያለፈችስ? ማስተካከል ይቻላል። «ትናንት ማታ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር፤ ሳልሰማዎት አለፍኩ። አሁን ላዳምጥዎት እችላለሁ፤ ከፈለጉ።» ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር። «አይ ተይው» ካለ ይተዋል፤ ግን በሩ መከፈቱን አውቋል።

ቤተሰቡ ሌላ ፈተና ነው። ኮሪደር ላይ ክንድ ይዘው፦ «ሲስተር፣ አደራሽን፣ እንዳትነግሪው። ካወቀ በዚያው ይወድቃል።» እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ «እሺ አልነግርም» ብሎ ቃል መግባት ነው፤ ነገ ታማሚው ሲጠይቅ ነርሷ በሁለት ቃል መካከል ትያዛለች። ሌላው «ማወቅ መብቱ ነው» ብሎ ሕግ ማንበብ ነው፤ እውነት ቢሆንም ቤተሰቡን ጠላት ያደርጋል። በመካከል ያለው መንገድ ፍርሃታቸውን መጠየቅ ነው፦ «ቢያውቅ ምን ይሆናል ብለው ነው የፈሩት? እሱ እስካሁን ምን የጠረጠረ ይመስልዎታል?» ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ እንደጠረጠረ ያውቃሉና። ከዚያ ግልጽ የሆነ ነገር ይነገራቸዋል፦ «ሄጄ አልነግረውም። ግን ከጠየቀኝ አልዋሸውም። የሚያስበውን ብጠይቀው ፈቃድዎ ነው?»

አሜሪካውያኑ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ባርኒ ግሌዘርና አንሰልም ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1965 በሆስፒታል ስለሚሞቱ ሰዎች ያዩትን በአራት ከፍለውታል፦ ታማሚው ፈጽሞ የማያውቅበት፣ የሚጠረጥርበት፣ ሁሉም እያወቀ እንዳላወቀ የሚሆንበት፣ እና በግልጽ የሚነጋገሩበት። ሦስተኛው በጣም አድካሚው ነው። ሚስት እያወቀች ትስቃለች፣ ባል እያወቀ ይስቃል፤ እሷ ኮሪደር ላይ ታለቅሳለች፣ እሱ ትራሱ ላይ። ነርሷ ሁለቱንም ለየብቻ ሰምታለች። የአንዱን ምስጢር ለሌላው ማውጣት የለባትም፤ «ይህን ለባለቤትዎ ቢነግሯት ምን የምትል ይመስልዎታል? ከፈለጉ ስትመጣ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ» ማለት ግን ትችላለች።

ቤተሰብን አስተርጓሚ ማድረግም እዚህ ላይ ይነሳል። ልጅ ለእናቱ ሲተረጉም «ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማን ይፈርድበታል? የተቻለ ሲሆን ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ የሙያ ሰው ይፈለግ።

ስለ ሕመም መነጋገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በአማርኛ «ሕመም» በሽታም ነው፣ ሥቃይም ነው። «ሕመም አለዎት?» ስትል «አዎ፣ ካንሰር ነው ብለውኛል» የሚል መልስ ብታገኝ አይገርምም። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» የሚለውም ለብዙ ሰው ባዶ ነው፤ ሥቃይን በቁጥር ለክቶ አያውቅም። ከቁጥሩ በፊት አማርኛው የሰጠንን ቃል እንጠቀም፦ ይጠዘጥዛል? ይወጋል? ያቃጥላል? ይነዝራል? ይቆርጣል? ይህ ለውበት አይደለም። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል» የሚል ሰው የነርቭ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ሞርፊን ብቻውን ላይበቃው ይችላል፤ ሐኪሙ ያንን ቃል መስማት አለበት። ቀጥሎ «ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ሲገላበጡ ይብሳል?» ይባላል። ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ጠዋትና ማታ ለማወዳደር ይጠቅማል።

መናገር ያቃተው ሰው ደግሞ በሌላ መንገድ ይናገራል። አተነፋፈሱ፣ የሚያሰማው ድምፅ፣ ፊቱ፣ የሰውነቱ መኮማተር፣ ሲያባብሉት መረጋጋት አለመረጋጋቱ፤ አምስቱም ከ0 እስከ 2 እየተሰጣቸው ከ10 የሚደመር መለኪያ አለ። መጀመሪያ የተዘጋጀው የመርሳት በሽታ ለጠናባቸው ሰዎች ቢሆንም ግንባር መቋጠርን በቁም ነገር እንድናይ ያስገድደናል።

ሞርፊን የሚለው ቃል ሲሰማ ሁለት ፍርሃት አብሮ ይመጣል። «ሱስ ይሆንብኛል» እና «ስለማልድን ነው የሰጡኝ»። ሁለቱም ካልተጠየቁ በቀር ታማሚው አይናገራቸውም፤ መድኃኒቱን ከትራስ ሥር ይደብቃል እንጂ። ስለዚህ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት፦ «ስለዚህ መድኃኒት ምን ሰምተዋል?» ከዚያ እውነታው በአጭሩ። ለካንሰር ሕመም በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ ሕመሙን ነው የሚያሳድደው፤ ሞትን ለማፋጠን አይሰጥም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንጎላጅጃል፣ ሊያቅለሸልሽም ይችላል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። የሆድ ድርቀቱ ግን አያልፍም፤ ስለዚህ የሆድ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይጀመራል። ይህ ያልተነገረው ሰው በአራተኛው ቀን ሆዱ ሲነፋ «መድኃኒቱ መረዘኝ» ብሎ ያቆመዋል። አቆጣጠሩም በቃል ብቻ አይበቃም፣ ይጻፍለት። በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በቀን 60 ሚሊግራም ይወስዳል፤ በመካከል ለሚፈነዳ ሕመም የሚታዘዘው ተጨማሪ መጠን በተለምዶ የቀኑ አንድ ስድስተኛ ያህል፣ ማለትም 10 ሚሊግራም ነው። «ሲያምዎት ይውሰዱ» ብሎ መልቀቅ ሁለቱን ያደባልቃል፤ ሰውየው መደበኛውንም ሲያመው ብቻ መውሰድ ይጀምራል።

መጠኑ ጨምሮ ጨምሮ አልበቃ ሲል ወሬው ምናልባት ስለ ሰውነት አይደለም። ነርስም፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም፣ በኋላም ሐኪም የነበረችው ሲስሊ ሳንደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን (በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎች የሚታከሙበት ተቋም) የከፈተችው፣ «ጠቅላላ ሕመም» ያለችው ይህን ነው፦ አካል፣ ስሜት፣ ማኅበራዊ ኑሮና መንፈስ በአንድ ላይ የሚያሙበት። ያልታረቀ ወንድም፣ ያልተከፈለ ዕዳ። «ከሕመሙ ሌላ ዛሬ የከበደዎት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከተጨማሪው ጠብታ ጋር አብሮ ይሰጥ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ሥራው ወደ ቤተሰቡ ያጋድላል፤ ሕጉም አንድ ነው፦ ከመምጣቱ በፊት ንገሪ። ጉሮሮው ሲንኮራኮር ከሰሙ በኋላ የሚነገር ማብራሪያ ሰበብ ይመስላል። ቀድሞ ከተነገረ ግን ያውቁታል። «መዋጥ ሲያቅተው ምራቁ ጉሮሮው ላይ ይጠራቀምና ድምፅ ያሰማል። እኛን ያስጨንቀናል እንጂ እሱ የሚሰማው አይመስለንም። በጎኑ እናስተኛዋለን፤ መድኃኒትም አለ።» ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይቀንሳል፣ ለግማሽ ደቂቃ ይቆምና እንደገና ይጀምራል። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት አካባቢ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ሊቃዥም፣ አንሶላውን ሊጎትትም፣ የሌለ ሰው ሊጠራም ይችላል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘረዘርም፤ ነገ ሊመጣ የሚችለው ዛሬ ይነገራል።

ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ምግብና ውሃ ነው። «በረሃብ ልትገድሉት ነው?» ይህ ቁጣ አይደለም፣ ፍቅር ነው። ስለዚህ «አያስፈልገውም» የሚል ደረቅ መልስ አይበቃውም፤ እጃቸው የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ሰውነቱ ምግብ መጠቀም እንዳቆመ፣ በግድ ቢሰጠው ትን ሊለው እንደሚችል ይነገራቸዋል። ከዚያ በውሃ የራሰ ስፖንጅ ይሰጣቸዋል፤ ከንፈሩንና ምላሱን እንዲያረጥቡ፣ ከንፈሩን ቅባት እንዲቀቡ። ሲያጎርስ የኖረ እጅ ሥራ ያገኛል።

ራሱን ለሳተው ሰውም ይነገራል። «አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው» ሳይባል አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሆስፒስ ውስጥ በመጨረሻ ሰዓታቸው ላይ የነበሩ፣ መልስ የማይሰጡ ታማሚዎችን አንጎል ሲለኩ፣ ከአንዳንዶቹ ለድምፅ ምላሽ አግኝተዋል። ይረዱት አይረዱት ያ ጥናት አይናገርም፤ አልጋው ላይ ተሻግሮ ስለ ፈረቃ ማውራትን ለመተው ግን ይበቃል።

መጨረሻ የሚቀረው መርዶው ነው፤ በአማርኛ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለበት። በአክብሮት ብለን «አባትዎ አረፉ» እንላለን። እንቅልፍ ላይ ላለ፣ በስልክ ለሚሰማ ልጅ ግን ይህ ቃል ሌላም ትርጉም አለው። «እፎይ፣ እንኳን ትንሽ አረፉ። ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ቢዘጋስ? «አለፉ»ም እንደዚሁ ያደናግራል። ስለዚህ ማን እንደሆኑ ተናግሮ፣ የሚያናግሩት ሰው ማን እንደሆነ አረጋግጦ፣ መኪና እየነዳ ከሆነ እንዲያቆም ጠይቆ፣ አንድ የማስጠንቀቂያ ዐረፍተ ነገር ይቀድማል፦ «የምነግርዎት ከባድ ነገር ነው።» ትንሽ ቆይቶ፦ «አባትዎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ሞተዋል።» ቃሉ ምላስ ላይ ይከብዳል፤ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ምንም አይጨመርም፤ ስለ አስከሬን፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ክፍያ አይነሳም። ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ እስኪመለስ ይጠበቃል። የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነገር ብዙ ጊዜ «ብቻውን ነበር?» የሚል ነው፤ ለዚያ መልስ እንዲኖራት ነርሷ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት ማን አጠገቡ እንደነበረ ማወቅ አለባት።